የሚሊሜትር እጆች

በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ስሟን የማያውቅ አልነበረም፤ በስሟ የሚጠራት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም «ሚሊሜትር» ይሏታል፤ ሲቸኩሉ ደግሞ «ሚሊ»። ስሙን ያወጣላት ከጎኗ የሚቀመጠው ሱሪ ሰፊ ነው። አንድ ጠዋት ሰፍቶ የጨረሰውን ሱሪ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና «የቀኙ እግር በሁለት ሚሊሜትር ይረዝማል» አለችው። ሰውየው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካ። ሁለት ሚሊሜትር።

«ምናልባት የደንበኛው እግር ራሱ እንደዚያ ቢሆንስ?» አለ፣ ላለመሸነፍ።

«ደንበኛውንም ለክቼዋለሁ» አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ተለጠፈባት።

አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ያሳለፈችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው በዚህ ክፍል ነው። አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አራት የስፌት መኪናዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ በመጋረጃ የተለየ፣ ባለ ሦስት ገጽ መስታወት የቆመበት የልኬት ክፍል አለ። የልኬት ክፍሉ የእሷ ነው። ሙሽሮች እዚያ ይቆማሉ። እሷ እግራቸው ሥር ተንበርክካ፣ ስድስት ሰባት ስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ የቀሚሱን ጠርዝ ትሰካለች። ደንበኛ ሲጠይቃት «እህም» ትላለች፤ ካልተስማማት ደግሞ «እንእ»። በስፒል የተሞላ አፍ ከዚህ ሌላ የሚለው የለውም። በዚህም የተነሳ ዝምተኛ ናት ተባለች፤ እሷም አመነችው።

እናቷም ልብስ ሰፊ ነበረች። ባለፈው ዓመት ስትሞት የስፌት ሳጥኗን ለሁለቱ ሴት ልጆቿ ተወችላቸው። ታናሽየዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችውም መዝገብ አያያዝን ነው። ሳጥኑን ከፍታ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ቆጥራ በቁጥር መዘገበችው፤ አርባ ሦስት ዕቃ። እያለቀሰች ነው የጻፈችው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን አንድም ስርዝ አይታይም። ሚሊሜትር ከአርባ ሦስቱ የፈለገችው አንዱን ብቻ ነበር፤ እናቷ በእጅ ስትሰፋ በመሃል ጣቷ ጫፍ ላይ የምታጠልቀውን፣ መርፌ የምትገፋበትን የብረት የጣት ቆብ። እስከዚያ ቀን የእሷ የጣት ቆብ ፕላስቲክ ነበር። የእናቷን ብታጠልቀው ትንሽ ጠበባት፤ ውስጡ የነተበ እራፊ ጨርቅ ተወትፎበታል። እራፊውን በመርፌ ጫፍ ጎትታ አወጣችው። ያኔ ልክክ አለ።

በአምስተኛው ወር የመሃል ጣቷን ጫፍ እንደ ቀለበት የዞረ ቅላት አየች። ያሳክካል። ቀጥሎ የከንፈሯ ጠርዝ አበጠ። በስምንተኛው ወር ሁለት እጆቿ እስከ አንጓዋ ቀልተው፣ ተሰነጣጥቀው ይላላጡ ነበር።

«ሐዘን ነው» አሏት የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው ሴት። «እንባሽን ዋጥ አድርገሽ በሳምንቱ ሥራ ገባሽ። ይኸው በቆዳሽ ወጣ።» ይህን ብለው ከቦርሳቸው ሽታው ክፍሉን የሚሞላ የእጅ ቅባት አውጥተው ሰጧት። ጎረቤቷ የእንቁላል ነጭ ቀቢበት አለቻት። ሱሪ ሰፊው ሎሚ አመጣ፤ «ያቃጥላል፤ ካላቃጠለ መድኃኒት አይደለም» እያለ ራሱ ጨመቀላት። ሁሉንም አደረገች። አንዲት ደንበኛ ደግሞ እጇን በመስታወቱ ውስጥ አይታ «አይተላለፍም አይደል?» ብላ ከጠየቀቻት በኋላ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር በሙቅ ውኃና በልብስ ሳሙና መታጠብ ጀመረች። አንድ ቀን ብትቆጥረው አሥራ አራት ጊዜ ታጥባለች። እጆቿ ግን ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም።

ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። «ሐዘን ነው» ሲሏት በከፊል ደስ ይላት ነበር። እጇ ከዳነ የእናቷ ነገር ያበቃለት ይመስላት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ነጭ ሐር በመዳፏ ዳበሰችው። «ጭር» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። የተሰነጠቀው ቆዳዋ የሐሩን ክር ይዞ ጎትቶት፣ ጨርቁ ላይ እንደ ጭረት ያለ መስመር ወጣ። እትዬ ከወዲያ ማዶ ቀና አሉ።

ሐሩ የእትዬ የራሳቸው ልጅ የሠርግ ቀሚስ ሊሆን የመጣ ነው። የመጀመሪያው ልኬት ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

«ነይ እስኪ ተቀመጪ» አሏት። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። «ልጄን አንቺ እንድትለኪያት ነበር ሐሳቤ። በዚህ እጅ ግን ሐር አይነካም። እስከ ልኬቱ ቀን ከዳነ እሰየው። ካልዳነ ግን ታች ካውያ ቤት ትወርጃለሽ። እዚያ ስስ ጨርቅ አይመጣም።»

ካውያ ቤቱ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ነው። ሚሊሜትር «እሺ እትዬ» ብላ ተነሳች። ስፒሎቹን በከንፈሯ መልሳ ሥራዋን ቀጠለች።

እሑድ ለእህቷ ነገረቻት። ታናሽየዋ «አይዞሽ» አላለችም። ተነስታ ከቦርሳዋ ባለ መስመር ደብተር አወጣችና በማስመሪያ ስድስት ዓምድ አሰመረች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተበላው፣ የተነካው፣ የታጠብሽበት፣ የቆዳሽ ሁኔታ።

«እታለም፣ ሁሉንም ትጽፊያለሽ። መሰለኝ፣ ይሆናል ብሎ ነገር አይጻፍም። ያየሽውን ብቻ።»

«በዚህ ጣት?»

«በዚህ ጣት። በሦስት ሳምንት ውስጥ እናገኘዋለን።»

ሚሊሜትር የሰው ሱሪ በሚሊሜትር የምትለካ ሴት ናት፤ ደብተር አያያዙ አልከበዳትም። የምትበላውን በጉርሻ፣ የታጠበችበትን በደቂቃ ጻፈች። «ከቀኑ 5፡10፣ ሰማያዊ ገበር፣ ጠመኔ። 5፡25፣ ታጠብኩ። 5፡40፣ ማሳከክ፣ ቀኝ እጅ።» ሱሪ ሰፊው አንገቱን አስግጎ አነበበና «እኔንስ የት ላይ ጽፈሽኛል?» አላት።

«የሚያሳክክ ነገር ሲኖር ነው የምጽፈው። ጠብቅ፣ ይደርስሃል።»

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ታናሽየዋ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ አንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ። እሑድ እሑድ እጇ ቀለል ይላታል፤ ዓርብ ይብስባታል። ስለዚህ ነገሩ ሥራ ቦታ ነው። ሱሪ ሰፊው ታሞ በቀረባቸው አራት ቀናት ግን ሚሊሜትር በእሱ ቦታ መኪና ላይ ስትሰፋ ውላ ነበር፤ በእነዚያ ቀናት ቅላቱ ቀንሷል። አንድ እሑድ ደግሞ ቤቷ ተቀምጣ የእህቷን መጋረጃ በእጇ ቀመቀመች፤ ሰኞ ጠዋት ጣቷ አብጦ ነበር።

«የእጅ ስፌት ነው» አለች ታናሽየዋ። «ግን ከእጅ ስፌት ውስጥ የቱ? ያልጻፍሽው ነገር አለ።»

«ምኑን ነው ያልጻፍኩት? ክሩን በቀለሙ፣ ጨርቁን በዓይነቱ ጻፍኩልሽ! የቀረኝ እስትንፋሴን መቁጠር ነው!»

«ተቆጣሽ አሁን?»

«እኔማ ምን እቆጣለሁ፤ ቆዳዬ ነው የሚቆጣው!»

ሁለቱም ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳቃቸው ሲበርድ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮ የሰጠቻቸው ሴት በስልክ «በሥራ ላይ የሚነኩትን ሁሉ፣ ትንሽ ትንሽ ይዘው ይምጡ» ስላለቻት፣ ሚሊሜትር በቀጠሮው ቀን ከሥራ በቀጥታ በትልቅ ከረጢት ክር፣ ጠመኔ፣ የገበር ቁራጭ፣ ሳሙናውን፣ የእትዬን ቅባት፣ መቀሷን ሳይቀር ይዛ ወጣች። አሥራ ዘጠኝ ዕቃ። አውቶቡስ ላይ እህቷ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ዕቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው፤ የሚሊሜትርን እጆች ገልብጣ አየች፣ ደብተሩን አገላበጠች፤ ከዚያም «ይህን የያዘው ሰው ሥራ ይፈልጋል እንዴ?» ብላ ታናሽየዋን አስደሰተቻት። ቀጥላ ቆም አለች።

«እሱስ?»

«የቱ?» አለች ሚሊሜትር።

«ጣትዎ ላይ ያለው።»

ሚሊሜትር ጣቷን አየች። የእናቷ የጣት ቆብ በመሃል ጣቷ ጫፍ ላይ እንደተጎለተ ነው። ደረጃ ስትወርድ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ለሐኪሟ እጇን ስትዘረጋ አልወለቀም። የሚነካ ነገር ሁሉ ሲሰበሰብ እሱ አልተሰበሰበም፤ ደብተሩ ውስጥም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ አልተጻፈም። እሷ ዘንድ ዕቃ አልነበረም፤ ጣቷ ነበር።

ሐኪሟ ከመሳቢያ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። የጥጥ እንጨት በፈሳሹ አርሳ የጣት ቆቡን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ፈተገችው። ነጩ ጥጥ ሮዝ ሆነ፤ ደማቅ ሮዝ።

«ኒኬል ነው» አለች። «ብዙ ብረት የሚለበጥበት ነገር። ቆዳዎ ይህን የማይወድ ይመስለኛል። ከንፈርዎ ላይስ ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። ቀለም እንኳ ተቀብቼ አላውቅም።»

«እታለም!» ታናሽየዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ስፒል!»

የስፒሎቹም ጥጥ ሮዝ ሆነ።

ሐኪሟ ግን በጥጥ ብቻ አልፈረደችም። ጀርባዋ ላይ በተርታ ትንንሽ ልጥፎች ለጠፈችባት፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ተጠርጣሪ አለ። ሁለት ቀን ሳታረጥበው ቆየች፤ ልጥፎቹ ተነስተው በአራተኛው ቀን ሲታዩ ሁለት ካሬዎች ቀልተው ተገኙ። አንዱ ኒኬል ነው። ሁለተኛው የሽቶ፤ በእትዬ ቅባት ውስጥ ያለው።

«የጣት ቆቡ ጀመረው፤ ቆዳዎ ከተቆጣ ወዲህ የለመዳቸውን ስፒሎችም አልቻለም» አለቻት። «ያስፋፋው ግን ሕክምናው ነው። ሎሚው አቃጠለ፣ ሳሙናው የቆዳውን ወዝ ጠራርጎ ወሰደ፣ ቅባቱ በላዩ ሽቶ ጨመረበት። ቆዳዎ ክፉ ቆዳ አይደለም፤ ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ነው። የሚቆጣ ሰው ሲኖር ምን ያደርጋሉ?»

«አልነካካውም።»

«በቃ እሱኑ ያድርጉ።» ጥቂት ቀን ብቻ የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችላትና የቀረውን በቃል ነገረቻት። ለብ ያለ ውኃ፤ ሽቶ የሌለው ሳሙና፣ እሱም ሲያስፈልግ ብቻ። እጅ ሳይደርቅ፣ ገና እርጥበት እያለው፣ ሽታ አልባ ወፍራም ቅባት። አዲስ ነገር ከመጣ አንድ በአንድ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት አይሞከርም፤ መጀመሪያ ክንድ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ቀብቶ ጥቂት ቀን መጠበቅ።

ሚሊሜትር ለመነሳት ከበዳት። «ታዲያ ሐዘን አይደለም ማለት ነው?»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ሐዘን እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቆዳው ሊብስበት ይችላል። ግን ሐዘን በጣት ጫፍ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ አይወጣም።»

ሚሊሜትር ከእህቷ ጋር ቤቷ ስትገባ የጣት ቆቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «የእማ ነገር እንዴት እኔን ይጎዳኛል?» አለች። ታናሽየዋ ከቦርሳዋ የዕቃዎቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል አውጥታ ገለጠች፤ ከውስጡም ትንሽ ፖስታ አወጣች። ፖስታው ላይ በእጅ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፤ «ቁጥር 31/ለ። ከጣት ቆብ (31) ውስጥ የወጣ እራፊ። ጥጥ። ነጭ የነበረ።»

«የጣልኩትን አነሳሽው እንዴ?»

«ከዝርዝሩ ላይ የሚጣል ነገር የለም።»

እራፊውን በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው። የተወተፈ ጨርቅ አይደለም። በጣት ልክ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተቀምቅሞ፣ እንደ ኮፍያ የተሰፋ ገበር ነው። በየጊዜው የታጠበ፣ በየጊዜው የተጠገነ። ሚሊሜትር ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስፌት ስትመረምር ኖራ፣ ይህን ስፌት ግን ሳታየው በመርፌ ጎትታ ጥላዋለች፤ አንድ ሚሊሜትር አጠበበኝ ብላ።

«እማ ጉትቻ አድርጋ ታውቃለች?» አለች ታናሽየዋ በዝግታ።

«‹ጆሮዬ አይወድም› ነበር የምትለው።»

«ስፒልስ?»

«አንገትጌዋ ላይ ነበር የምትሰካው። እኔ በአፌ ስይዝ ትጮኽብኝ ነበር። እንዳልውጠው መስሎኝ...» አላስጨረሳትም፤ እንባዋ መጣ። ያለቀሰችው ግን ሌላ ልቅሶ ነበር። እናቷ ሐኪም ሳትጠይቅ፣ ስሙን ሳታውቅ፣ የራሷን ቆዳ በገዛ መርፌዋ ስትጠብቅ ኖራለች። ይህ የሚቆጣ ቆዳ ከእናቷ የመጣ ይሁን አይሁን ማንም ሊነግራት አይችልም። ጥንቃቄው ግን ከእናቷ ነው፤ እሷ ምንነቱን ሳታውቅ ጎትታ የጣለችው።

ለእሷ ግን ጨርቅ ብቻ እንደማይበቃ ሐኪሟ ነግራታለች፤ ላብ ሲነካው ያሳልፋል። ስለዚህ የእናቷን ገበር ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በእርሳስ ተከተለችው፤ በዚያው ልክ ከስስ ቆዳ አዲስ የጣት ቆብ ሰፋች። ብረቱንና እራፊውን ታናሽየዋ ወሰደቻቸው። የሷ ቆዳ ምንም አይለውም።

ሰኞ ሚሊሜትር ኒኬል የሚለየውን ያንን ፈሳሽ ገዝታ ስፌት ቤት ይዛ ገባች። መጀመሪያ የመቀሷን እጀታ በጥጥ ፈተገች፤ ነጭ። አዲሶቹን ባለ ብርጭቆ ራስ ስፒሎች፤ ነጭ። የጠረጴዛውን መሳቢያ መያዣ፤ ሮዝ፣ ወዲያው በጨርቅ ተጠቀለለ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ተሰልፎ ነበር። የሱሪ ሰፊው የሰዓት ማሰሪያ ጥጡን እንደ ጽጌረዳ አደረገው።

«ሚስቴ ናት የገዛችልኝ!» አለ ደንግጦ።

«አያሳክክህም?»

«አያሳክከኝም።»

«እንግዲያው ተስማምታችኋል፤ አድርገው።»

እትዬም ጉትቻቸውን አውልቀው «የእኔ ወርቅ ነው፤ ለጨዋታ ያህል ነካ አድርጊው» አሉ። ጥጡ ሮዝ ሆነ። እትዬ ጉትቻውን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ መልሰው «ጥጡ ተሳስቷል» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ደረጃ ሲወርዱ ድምፃቸው እስኪርቅ ድረስ።

የከበዳት የእትዬን ቅባት መመለስ ነበር። «እርስዎ በፍቅር ነው የሰጡኝ፤ ቆዳዬ ነው ያልተቀበለው» አለቻቸው። ለሦስት ቀን አኮረፏት። በአራተኛው ቀን ሽታ አልባ ቅባት ይዘው መጡ፤ «አሽትቼዋለሁ፤ ምንም አይልም፤ ቅባትም አይመስልም» እያሉ። እሷም እንደተነገራት መጀመሪያ ክንዷ ውስጥ ቀብታ ጥቂት ቀን ጠበቀች።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ስልክ ጠራና ስታነሳ፣ እጇ ሳታስበው ሁለት አሮጌ ስፒሎችን ወደ ከንፈሯ ወሰደ። በማግስቱ ከንፈሯ አበጠ። ደብተሩ ላይ «ስፒል፣ ሁለት። ጥፋተኛ፦ እኔ» ብላ ጻፈች። ማታ ታናሽየዋ አንብባ ከሥሩ «ታይቷል» ብላ ፈረመችበት። አሮጌዎቹ ስፒሎች በዚያው ቀን ከክፍሉ ወጡ።

በስድስተኛው ሳምንት ስንጥቁ ገጠመ። በሰባተኛው አዲስ ቆዳ ወጣ፤ ስስ፣ ትንሽ ቀላ ያለ፣ ግን ሙሉ።

የልኬቱ ቀን እትዬ ቀድመው ገቡ። «እጅሽን አምጪ» አሉ። መዳፏን ገልጠው ከሐሩ የተረፈ ቁራጭ ያዙና፣ በመዳፏ ላይ ከአንጓዋ እስከ ጣቷ ጫፍ በዝግታ ጎተቱት፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው። ሱሪ ሰፊው መኪናውን አቆመ። ሐሩ ያለ ምንም ድምፅ ተንሸራቶ ወረደ። እትዬ ገልብጠው ደገሙት። ምንም።

«ልጄን ጥሪልኝ» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው።

ሙሽሪት መስታወቱ ፊት ቆመች። ሚሊሜትር ተንበረከከች፤ ግራ አንጓዋ ላይ በጥጥ የተሞላ የስፒል ትራስ፣ መሃል ጣቷ ላይ የቆዳው ቆብ። አፏ ባዶ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ አፏ ባዶ ነበር።

«እንዳትተነፍሺ አልልሽም» አለች፤ «ትንፋሽሽን ግን በእኩል መጠን አድርጊው፤ በቀኝ በኩል አብዝተሻል።»

ሙሽሪት ቁልቁል አየቻት። «ይናገራሉ እንዴ?»

«ስፒሉን ሐኪም ከለከለኝ። ወሬውን አልከለከለችኝም።»

ከዚያ በኋላ ያቆማት የለም። ስለ ሙሽሮች ጉልበት፣ ስለሚያለቅሱ አማቶች፣ ሚዜነት ከሙሽርነት የበለጠ እንደሚያስቸግር፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከመጋረጃው ጀርባ ያየችውንና ያልተናገረችውን ሁሉ ዘረገፈችው። ሙሽሪት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ሳቅሽ ጠርዙን በሦስት ሚሊሜትር ከፍ አደረገው፤ ተረጋጊ» አለቻት።

«ኧረ ስፒሉን መልሱላት!» አለ ሱሪ ሰፊው ከመጋረጃው ወዲያ። «ሥራ አስፈታችን!»

ጠርዙ ተሰክቶ ሲያልቅ በመዳፏ ዙሪያውን ዳበሰችው፤ ከፊት ጀምራ፣ በጎን፣ ከኋላ፣ እስከ ጀመረችበት። ምንም አልያዛትም።

ሱሪ ሰፊው ግን ይህን ቀን ዓመታት ጠብቆታል። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ፣ እትዬን አስፈቅዶ ገባ፤ በሆዱ ተኝቶም ከወለሉ እስከ ጠርዙ በአሥራ ሁለት ቦታ መለካት ጀመረ። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመ። ቀና አለ። ፊቱ በራ።

«አንድ ሚሊሜትር!» ብሎ ጮኸ። «እዚህ ጋ አንድ ሚሊሜትር ዝቅ ይላል!»

ሚሊሜትር አልተነሳችም። ሙሽሪትን በሁለት እጆቿ ወገቧን ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ግራ አስቆመቻትና «ደግመህ ለካ» አለችው።

ለካ። ልክ ሆነ። ሜትሩን ወደ ድሮው ቦታ መልሶ ወለሉን በመዳፉ ደባበሰ።

«ወለሉ ነው» አለችው።